የብስክሌት መለዋወጫ፦ ስም ያለው ይሻላል ወይስ ስም የሌለው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ልኮቹን ሱቅ ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

ስም ያለው ዕቃና ስም የሌለው ዕቃ በምን ይለያያሉ?

ስም ያለው የምንለው ሠሪው የሚታወቅ፣ የሞዴል ቁጥር የታተመበትና ልኩ በጽሑፍ የወጣ ዕቃ ነው። የጃፓኑ ሺማኖ፣ የአሜሪካው ስራም፣ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ፣ በሰንሰለት የታይዋኑ ኬኤምሲ፣ በፍሬን ቴክትሮ፣ በጎማ ሽዋልቤ፣ ኮንቲኔንታልና ኬንዳ የዚህ ወገን ናቸው። ስም የሌለው ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወይም ባዶ ካርቶን ውስጥ ሆኖ የሚመጣ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፦ የሌላውን ስም የለጠፈ ፎርጅድ። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የጥሩ ዕቃ ዋጋ ከፍላችሁ የማይታወቅ ዕቃ ትወስዳላችሁ።

በዓይን መንታ የሚመስሉ ሁለት ዕቃዎች በዋጋ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው የማይታየው ላይ ነው፦ ብረቱ ምን ዓይነት ነው፣ በሙቀት ምን ያህል ጠንክሯል፣ ቀዳዳው ልኩን ጠብቋል ወይ፣ ከፋብሪካ ሳይወጣ ተፈትሿል ወይ። ስም የሌለው ዕቃ አንዳንዴ በጣም ደህና ይሆናል። ችግሩ ከወር በኋላ ከዚያው ሱቅ ያንኑ ዕቃ ስትጠይቁ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሊሰጣችሁ መቻሉ ነው።

ታዲያ ስም የሌለው ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው?

አይደለም። ታዋቂ የብስክሌት ስሞች ራሳቸው ፋብሪካ የሌላቸው ብዙ ናቸው። በ1972 ታይዋን ውስጥ የተቋቋመው ጃያንት በራሱ ስም መሸጥ ሳይጀምር ለአሜሪካ ኩባንያዎች ፍሬም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ስሙ የማይታወቅ ፋብሪካም ጥሩ ዕቃ ሊሠራ ይችላል።

ጭቃ መከላከያ፣ ደወል፣ የእጀታ ላስቲክ፣ መቆሚያ፣ የጠርሙስ መያዣ፣ የሰንሰለት ሽፋን ስም የሌለው ቢሆንም አያሳስብም። የኋላ ዕቃ መጫኛም እንዲሁ፤ ብቻ ብየዳውን እዩ፣ ዙሪያውን የተበየደ እንጂ በነጥብ የተያያዘ አይሁን። ካላማዳሪም ርካሹ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ደካማ ጎኑ አፉ ከላስቲኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሱቁ ውስጥ ትንሽ አስነፍታችሁ ውሃ ውስጥ አስገቡትና አፉን ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ አረፋ ከወጣ አትውሰዱት።

በየትኛው ዕቃ ላይ ነው ገንዘብ መቆጠብ የሌለብኝ?

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቁልቁለት ላይ እየሄድኩ ይህ ቢሰበር ምን እሆናለሁ? ደወል ቢሰበር ምንም አትሆኑም። የፊት ሹካ፣ መሪ፣ የመሪ አንገት፣ የኮርቻ ቋሚ፣ የፔዳል ክንድ፣ የፊት ቸርኬና ፍሬን ግን በፊታችሁ ይደፏችኋል። መግዛት ያለባችሁ ሠሪው የታወቀውን፣ ቢቻል ዓለም አቀፉን የብስክሌት ደኅንነት መስፈርት አይኤስኦ 4210 ያሟላውን ነው።

አቅም ካነሰ የብረቱን ዓይነት ምረጡ። ተራ ብረት ከመሰበሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። አሉሚኒየም ውስጥ ለውስጥ እየተሰነጠቀ ቆይቶ ድንገት ይቆረጣል። ስም ከሌለው የአሉሚኒየም መሪ ይልቅ ስም የሌለው የብረት መሪ ይሻላል፤ ክብደቱ ቢጨምርም ጥርስ ያተርፋል። ሠሪው ያልታወቀ የካርቦን መሪ፣ ሹካ ወይም የኮርቻ ቋሚ ግን በነጻም ቢሰጣችሁ አትግጠሙ።

ብስክሌቴ ላይ «ሺማኖ» ተጽፏል። ሁሉም ዕቃው የሺማኖ ነው ማለት ነው?

በርካሽ ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ የሺማኖ የሚሆነው የኋላ ማርሽ መቀየሪያና መሪው ላይ ያለው ማርሽ ማዘዣ ብቻ ነው፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ስለሆነ። ፍሬኑ፣ ሰንሰለቱ፣ የኋላ ጥርሱ፣ ሞዞው (ቸርኬው የሚዞርበት መሐለኛው ክፍል) እና የፔዳሉ ዘንግ የሌላ ናቸው። ሲበላሹ «የሺማኖ ዕቃ ስጡኝ» ከማለት የተበላሸውን አውልቆ ልኩን ማየት ያዋጣል።

ሺማኖም ደረጃ አለው። ቱርኒ የሚባለው ዝቅተኛው ደረጃ ለከተማ መንገድ በቂ ነው፤ ዲዮሬ ደግሞ ጭቃና አቧራ እየተፈራረቀበት ለሚሠራ የተራራ ብስክሌት የሚሆን ነው። ከቱርኒ ጋር ሲወዳደር የታይዋኑ ማይክሮሺፍት መካከለኛ ዕቃ ይበልጣል። ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት እዚህ ላይ ያሳስታል።

«26 ቁጥር» ጎማ ገዝቼ አልገባ አለ። ለምን?

የኢንች ቁጥር አንድ ልክ ስላልሆነ ነው። 26 ተብለው የሚጠሩ ነገር ግን ፈጽሞ የማይተካኩ የቸርኬ ልኮች አሉ፦ የተራራ ብስክሌት 26 ቸርኬው 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድሮ የከተማ ብስክሌቶች ላይ ያለው 26 በ1 3/8 ግን 590 ነው። 28 ላይም ያው ነው፤ አንዱ 622፣ ትልልቆቹ ከባድ ብስክሌቶች የሚጠቀሙበት 28 በ1 1/2 ደግሞ 635 ነው። በሌላ በኩል የተለመደው 28፣ 29 እና 700ሲ የተባሉት ጎማዎች በስም ቢለያዩም ሦስቱም 622 ናቸው።

መፍትሔው የአሮጌውን ጎማ ጎን ማንበብ ነው። «37-590» ዓይነት በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። ሁለተኛው ቁጥር አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ መለየት የለበትም፤ የመጀመሪያው ግን ከፍሬሙና ከፍሬኑ ጋር እስካልተነካካ ድረስ ትንሽ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል።

በጎማ ጥራት ረገድ ስም ያለው ጎማ ዋጋው የሚያንሰውም ቢሆን በጠርዙ ውስጥ ያለው ሽቦ ልኩን የጠበቀ ነው። ስም በሌለው ላይ ሽቦው ሲሰፋ ጎማው ሲነፋ ከቸርኬው ያፈነግጣል። ከነፋችሁ በኋላ ቸርኬውን እያዞራችሁ ከጠርዙ በላይ የምትታየዋን ቀጭን መስመር ተከታተሉ፤ አንድ ቦታ ከፍ ሌላ ቦታ ዝቅ ካለች አስተንፍሳችሁ ጎማውን እንደገና አስተካክሉ። አሁንም ካልተስተካከለ ጎማውን መልሱ።

ሰንሰለት ላይ ብራንድ መግዛት ያዋጣል?

አዎ፣ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እዚህ ነው። ርካሽ ሰንሰለት ፒኖቹ በደንብ ስላልጠነከሩ ቶሎ ይበላሉ። ፒኑ ሲበላ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ የረዘመ ሰንሰለት ደግሞ የፊትና የኋላ ጥርሶችን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። በሰንሰለት ያተረፋችሁትን ጥርስ ስትቀይሩ እጥፍ አድርጋችሁ ትከፍላላችሁ። ደግነቱ ለባለ 6፣ 7 እና 8 ጥርስ (ቁጥሩ ከኋላ የተደረደሩት ክብ ጥርሶች ብዛት ነው) የኋላ ማርሽ አንድ ዓይነት ሰንሰለት ስለሚሠራ ከታወቀ ሠሪ ርካሹ ሞዴል በቂ ነው።

ልኩን አትሳቱ። የሁሉም ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለየው ስፋቱ ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት 1/8 ኢንች፣ ባለ ማርሹ 3/32 ኢንች ይወስዳል። ሰፊው በቀጭን ጥርስ ላይ ይሠራል፤ ቀጭኑ ግን ሰፊ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ከ9 ጀምሮ እያንዳንዱ የራሱ ሰንሰለትና የራሱ ማያያዣ አለው፤ የባለ 9 ማያያዣ በባለ 8 ሰንሰለት ላይ አይገባም።

መቼ እንደሚቀየር በተራ ማስመሪያ ይታወቃል። ሰንሰለቱን ወጥራችሁ ከአንዱ ፒን መሐል ጀምራችሁ 24 ፒን ቁጠሩ። አዲስ ሲሆን ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ6 እስከ 10 ጥርስ ላለው 307 ሲደርስ፣ ለባለ 11 እና 12 ደግሞ 306.3 ሲደርስ ቀይሩ። ማርሽ የሌለው 308 ድረስ ይታገሣል። ከዚያ አልፎ ከቆየ አዲሱ ሰንሰለት በአሮጌው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል፤ ያኔ ሰንሰለቱን አትውቀሱ፣ የኋላ ጥርሱም መቀየር አለበት። በበጋ አቧራ ጊዜ ወፍራም የሞተር ዘይት መቀባት ፒኑን ያፋጨዋል፤ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ የውጩን በጨርቅ ጥረጉ።

የፍሬን ጎማና ካቦ ላይስ?

ርካሽ የፍሬን ጎማ ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ደረቅ ነው። ይጮኻል፣ ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ቅንጣት እየዋጠ ቸርኬውን ይቧጥጠዋል። በጥፍራችሁ ጫኑት፤ ጥሩው ትንሽ እሺ ይላል፣ መጥፎው እንደ ላስቲክ ጫማ ተረከዝ ይቆያል። በወር አንዴ የፍሬን ጎማውን (ፓዱን) አይታችሁ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካለ በመርፌ አውጡና ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሻሹት። ቸርኬያችሁ ክሮም የተቀባ ብረት ከሆነ ግን በክረምት ምንም ፓድ ብታስገቡ ፍሬኑ ይደክማል፤ መቆሚያ ርቀታችሁን አርዝሙ።

ዲስክ ፍሬን ላይ ስም የሌለው ፓድ ቅርጹ በትክክል ከገጠመ ለከተማ መንገድ ይሠራል። ሁለት ነገር እዩ፦ ፓዱ ብረት የተቀላቀለበት ከሆነ ዲስኩ እሱን የሚችል መሆን አለበት፤ ለስላሳ ፓድ ብቻ እንዲጠቀም የተጻፈበት ዲስክ በብረት ፓድ ቶሎ ያልቃል። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። የዘይት ፍሬን ከሆነ ደግሞ ፈሳሹን በጭራሽ አትቀያይሩ። ሺማኖና ቴክትሮ የማዕድን ዘይት ይጠቀማሉ፤ ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት የሆነውን ዶት ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው ቦታ ማፍሰስ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች አሳብጦ ፍሬኑን ይገድለዋል።

አሁን ሕይወት የሚያስከፍለው ስህተት፦ የማርሽ ካቦ ሽፋንን ለፍሬን መጠቀም። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ምንጭ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ሲጨመቅ አይፈነዳም። የማርሽ ሽፋን ግን ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩ ናቸው፤ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ሊተረተር ይችላል። ጫፉን ቆርጣችሁ ብታዩ ወዲያው ይለያል። ካቦው ራሱ ለፍሬን 1.5 ወይም 1.6፣ ለማርሽ 1.1 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ዝገት የማይዘው ካቦ ከተራው በዋጋ ብዙም አይርቅም፤ የባሕር ዳርን ክረምት ለሚያልፍ ብስክሌት ከእሱ ውጭ ማሰብ አያስፈልግም።

ኩሽኔታ የግድ ከብስክሌት ሠሪው መሆን አለበት?

የለበትም። ይህ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት የሚከፍልበት ነው። የታሸገ ኩሽኔታ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ 608፣ 6001፣ 6902 ዓይነት። ያ ቁጥር የውስጡን ቀዳዳ፣ የውጩን ዙሪያና ውፍረቱን ይወስናል፣ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ የመኪናና የማሽን ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ሂዱና ኤስኬኤፍ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን ጠይቁ፤ በሁለቱም ጎን ላስቲክ ያለውን ምረጡ።

ልቅ ኳስ ላለው ሞዞ ደግሞ በተለመደው አሠራር የኋላው በእያንዳንዱ ጎን 9 ባለ 1/4 ኢንች፣ የፊቱ 10 ባለ 3/16 ኢንች ኳስ ይይዛል። የተበላሹትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ፓኬት ቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ ኳስ ሲቀላቀል ጭነቱን ትልቁ ብቻውን ይሸከመዋል።

የቸርኬ ሽቦ ቶሎ ቶሎ ይበጠስብኛል። ዕቃው ነው ወይስ ሥራው?

አንድ ከተበጠሰ ዕቃው ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሞዞው ጋ ያለው ማጠፊያ ላይ ከተቆረጠ። በአጭር ጊዜ ሦስት ከተበጠሱ ሥራው ነው፦ ሽቦዎቹ እኩል አልተወጠሩም፣ የቀሩትም ደክመዋል። ሁሉንም አስፈትታችሁ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ዝገት በማይዘው ሽቦ እንደገና ማሠራት ይሻላል። ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ለኩ፤ የኋላ ቸርኬ የሰንሰለት ጎን ሽቦ ከሌላው ጎን ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያጥራል።

መካኒኩ ፔዳሉን በግድ አስገባው፤ አሁን ይወዛወዛል። ፔዳሉ ፎርጅድ ነው?

ምናልባት ፊሌቶው (የሚጠመዘዝበት ጥርሱ) ተበልቷል። የአብዛኛው ብስክሌት ፔዳል 9/16 ኢንች ነው፤ የአንዳንድ የሕፃናት ብስክሌት 1/2 ኢንች። የግራው ፔዳል በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠብቃል። መጀመሪያ በጣት ብቻ ሦስት አራት ዙር መግባት አለበት፤ በጣት ካልገባ ቁልፍ አይነካውም። በርካሽ የአሉሚኒየም ክንድ ላይ አንዴ የተበላ ፊሌቶ አይመለስም።

የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበትም እንደዚሁ ነው። በብዙዎቹ ብስክሌቶች ቱቦው 68 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሰንሰለቱ ጎን በተቃራኒ ይፈታል። በጣሊያን ልክ በተሠሩ የእሽቅድምድም ፍሬሞች ላይ ግን ቱቦው 70 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለቱም ጎን በተለመደው አቅጣጫ ይፈታሉ። መጀመሪያ ቱቦውን ለኩ፣ ከዚያ ቁልፍ አንሡ።

የኋላ ጥርስ ስቀይር ካሴት ነው ወይስ ፍሪዊል እንዴት ልወቅ?

ቸርኬውን አውጥታችሁ ሰንሰለቱ በሚዞርበት ተቃራኒ ጥርሶቹን አሽከርክሩ። መሐል ላይ ያለው መፍቻ የሚገባበት ቀለበት ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ቆሞ ከቀረ በፊሌቶ የሚገባ ፍሪዊል ነው። ሁለቱ አይተካኩም፣ ሞዞው ራሱ ይለያል።

በፍሪዊል ስም የሌለው ለጊዜው ቢሠራም ውስጡ ያሉት ትንንሽ መያዣ ምላሶች ሲደክሙ ፔዳሉ በባዶ ይዞራል፤ ቆማችሁ በምትረግጡበት ዳገት ላይ ይህ አደገኛ ነው። ባለ 7 ካሴት ለባለ 8፣ 9 እና 10 በተሠራ ሞዞ ላይ ሲገጠም 4.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከኋላው ይግባለት፤ ያለዚያ እየተንሿሿ ይቀራል።

የአንዱን ብራንድ ማርሽ ማዘዣ ከሌላው መቀየሪያ ጋር ማጋጠም ይቻላል?

አንዳንዴ። ማዘዣው በአንድ ጠቅታ የተወሰነ ርዝመት ካቦ ይስባል፤ መቀየሪያው ያንን ርዝመት ወደ ጎን እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ማርሽ ይገባል፣ ቀጣዩ ይንጫጫል፤ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያድነውም። የሺማኖ ከ6 እስከ 9 ያሉት ዕቃዎች በጥቂቱ ሲቀሩ እርስ በርስ ይግባባሉ። የሺማኖ የተራራ ባለ 10 መቀየሪያ ግን ከሺማኖው የመንገድ ባለ 10 ማዘዣ ጋር እንኳ አይስማማም። ስራም የራሱ ስሌት ስላለው ከሺማኖ ጋር አታጋጥሙት። ለሺማኖ እንዲሆን የተሠራ ስም የሌለው መቀየሪያ ከገዛችሁ ለስንት ጥርስና ለየትኛው ቤተሰብ (ለመንገድ ወይስ ለተራራ) እንደሆነ ሳይነገራችሁ አትክፈሉ።

ካሴትና ሰንሰለት ላይ ግን እስከ 10 ጥርስ ድረስ የሺማኖና የስራም ዕቃ ያለ ችግር ይቀላቀላል።

ፎርጅዱን በምን ልለየው?

ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከወረደ መጠርጠር ይጀምራል። ሺማኖ ብዙ ዕቃዎቹ ላይ የሞዴል ቁጥር ያትማል፤ የተመረተበትን ዓመትና ወር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደሎችም ይኖራሉ። ቁጥሩን በሠሪው ድረ ገጽ ፈልጋችሁ ክብደቱን አመሳክሩ፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ፣ የቡሎኑ ራስ ማዕዘን ያልሰላ፣ ጠርዙ እጅ የሚቧጥጥ ከሆነ ተዉት። ካርቶኑን መመርመር ግን ብዙም አይረዳም፤ ካርቶን መኮረጅ ከዕቃው ይቀላል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ምን ልዘዝ?

ቀላል፣ እዚህ ጥሩው በቀላሉ የማይገኝ፣ ልኩ ለስህተት የማይጋለጥ ነገር፦ ሰንሰለት ከማያያዣው ጋር፣ የፍሬን ፓድ፣ ዝገት የማይዘው ካቦ። ጎማ ቦታ ይይዛል፤ ግን ጠርዙ የሚታጠፍ ዓይነት ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የምትልኩለት መልእክት «የብስክሌት ሰንሰለት» ብቻ አይሁን። የኋላ ጥርሱ ስንት እንደሆነ፣ የጎማው ሁለት ቁጥር፣ የፓዱ ፎቶ ከፊትና ከጎን፣ የኮርቻ ቋሚው ላይ የታተመው ልክ (27.2 ከሆነ 27.0 አይተካውም) ይኑርበት።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ግን በሻንጣ አይታሰብ። አየር መንገዶች ለተሳፋሪ የሚፈቅዱት የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በልዩ ፈቃድ እስከ 160 ነው፤ የብስክሌት ባትሪ አብዛኛው ከ300 በላይ ነው።

ለኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ስም የሌለው ቻርጀር ብጠቀምስ?

መሰኪያው ስለገባ ብቻ አትሰኩት። 36 ቮልት የሚባለው የተለመደው ሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት ነው፤ 48 የሚባለው 54.6። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው የውጪ ቮልት ከዚህ ጋር እኩል መሆን አለበት። የ48ቱን ቻርጀር በ36ቱ ላይ መሰካት እሳት ያስነሳል፣ በተለይ ባትሪውም ስም የሌለውና መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ደካማ ከሆነ። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሲሞላ የሚደርስበት ቮልት ስለሚለይ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል።

ባትሪ ያበጠ፣ የወደቀ ወይም ውሃ የገባው ከሆነ አትሙሉት፤ ደህናውንም ቢሆን መውጫ በር አጠገብ ወይም ሰው ተኝቶ ባለበት ክፍል ውስጥ አትሙሉ።